የጋባዥ ትኬትና የጉዞ ጸሐፊ ምስክርነት



ሆቴል ወይም አየር መንገድ ወጪውን ችሎ ያስጎበኘው የጉዞ ጸሐፊ የሚሰጠው ምስክርነት ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ጉባኤ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አምራቹ ባዘጋጀው ጉዞ ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ትራንስፎርመር ሲፈተሽ የተመለከተ ባለሙያ ሁሉ ጥያቄውን ያውቀዋል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የቃል ድህነት የለበትም፤ ስጦታ፣ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ ጉቦ እያለ ይለያል። ነጻ ትኬትና አልጋ ከእነዚህ የትኛው ነው በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። ኮንዴ ናስት ትራቭለር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1987 በሃሮልድ ኢቫንስ ዋና አዘጋጅነት ሲመሠረት ጸሐፊዎቹ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከፍለው እንዲጓዙ ደነገገ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ በኢንተርኔት የሚጽፉትን ጭምር፣ ስለ አንድ ሸቀጥ ወይም አገልግሎት የሚመሰክር ሰው ከሻጩ ያገኘውን ጥቅም ለአንባቢ እንዲገልጽ አሳሰበ። አንደኛው መከልከልን፣ ሁለተኛው መግለጽን መረጠ ማለት ነው።

መግለጽ ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም፤ ያየውን ይጽፋል። ችግሩ ያየው ነገር ተመርጦለት መሆኑ ነው። የተሰጠው ክፍል ከጄኔሬተሩ ጩኸት የራቀው ነው፤ ሙቅ ውኃ አይቋረጥበትም፤ አስጎብኚው ከአውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ አይለየውም፤ በሒሳብ ከማንም ጋር አይከራከርም። ከደመወዙ አጠራቅሞ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄድ ቤተሰብ የሚገጥመው ይህ አይደለም። ሥራ ተቋራጩ ራሱ መርጦ ባቀረበው የኮንክሪት ናሙና ስለ ሕንፃው ጥንካሬ የሚፈርድ መሐንዲስ የለም፤ ናሙናውን በሥርዓቱ ፈትሾ ቁጥሩን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢመዘግብ እንኳ ውጤቱ ስለ ሕንፃው አይናገርምና።

የፋብሪካው ጉዞ ወጪም ብዙውን ጊዜ በአቅራቢው ይሸፈናል። (ዞሮ ዞሮ ከውሉ ዋጋ ውስጥ የገባ ነው።) ልዩነቱ፣ የጥቅል ሽቦው ሬዚስታንስ፣ የሚባክነው ኃይልና የኢንሱሌሽኑ ጥንካሬ እንዴት እንደሚፈተሽ አስቀድሞ የሚወስነው ጋባዡ ሳይሆን ውሉና አይ.ኢ.ሲ. 60076ን የመሰለ ደረጃ መሆኑ ነው። ፍተሻው ቀርቶ እራቱና የከተማው ጉብኝት ብቻ የቀረ እንደሆነ ግን ባለሙያው ከጉዞ ጸሐፊው የባሰ ነው፤ የሚፈርመው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነውና።

ግብዣን ሁሉ መከልከል ለባለጸጋ መጽሔት ይቻላል፤ በግሉ የሚጽፈውን ወጣት ግን ከሥራው ያስወጣዋል። ስለሆነም ትኬቱን ቢቀበል እንኳ መርሐ ግብሩን አይቀበል። የሚያድርበትንና የሚያየውን ራሱ ይምረጥ፤ ጥቂት ቀናትም በራሱ ወጪ፣ ያለ አስጎብኚ ይቆይ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ለጋባዡ አያሳይ፤ የከፈለው ማን እንደሆነም በመጀመሪያው አንቀጽ ይጻፍ። ጋባዡ በዚህ ቅር ከተሰኘ፣ ጸሐፊው ኪሱ የሚፈቅድለትን ቅርብ ከተማ በአውቶቡስ ሄዶ ስለዚያ ቢጽፍ ይሻለዋል።