ባክቴሪያ የነቀርሳ መድኃኒት ሊሆን ይችላልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ነቀርሳ መናገራችን ለአንዳንዱ ሰው የማይገጥም ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ክበባችንን እንደዚህ ያከራከረ ጉዳይ ስላልነበረ ልናካፍላችሁ ወደድን። ክርክሩም ይህ ነው፤ ሕይወት ያለውን ጀርም በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ መጨመር ሕክምና ነው ወይስ ድፍረት?

ነገሩ የሚጀምረው ከኒው ዮርክ ከተማ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቤሲ ዳሺየል የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ በአጥንት ነቀርሳ ሞተች። ሐኪሟ ዊልያም ኮሊ ገና ወጣት ነበር፤ እጇን ከክርኗ በታች ቢቆርጥም ሊያድናት አልቻለም። ኮሊ በዚህ እጅግ አዝኖ የሆስፒታሉን የቆየ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ አንገቱ ላይ የወጣበት ዕጢ እየተቆረጠ የሚመለስበት የአንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ታሪክ አገኘ። ይህ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኤሪሲፔላስ የሚባል፣ ቆዳን የሚያቀላና ብርቱ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ ያዘው። ትኩሳቱ ሲለቀው ዕጢውም አብሮ ጠፋ። ኮሊ መዝገቡን ብቻ አምኖ አልተቀመጠም፤ በድሆች ሰፈር ከቤት ወደ ቤት ዞሮ ሰውዬውን ፈልጎ በደኅና አገኘው።

በዚያው ዓመት ኮሊ የዚሁኑ በሽታ ጀርም ሆን ብሎ ዕጢ ላለባቸው ሰዎች ይወጋ ጀመር። ዕጢው የሟሸሸለት ነበረ፤ ሁለት ሰዎች ግን በመርፌ በገባባቸው በሽታ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ጀርሞቹን በሙቀት ገድሎ መስጠት ጀመረ። ከመካከላችን «ድፍረት ነው» ያሉት ወገኖች ይህን ታሪክ ይዘው ነው የተከራከሩት፤ እውነት አላቸው።

ታዲያ ባክቴሪያ ከዕጢ ጋር ምን አገናኘው? ዕጢ በፍጥነት ሲያድግ የደም ሥሩ አይበቃውምና ውስጡ ኦክሲጅን ያጣል። በደም የሚጓዘው መድኃኒት እዚያ በደንብ አይደርስም፤ ጨረሩም ኦክሲጅን በሌለበት ይደክማል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ያለ ኦክሲጅን መኖር ይችላሉ። የሰውነት ጠባቂ የሆኑት ሕዋሳትም በዚያ ሥፍራ ስለሚደክሙ፣ በጤነኛ ሥጋ ውስጥ ተለቅመው የሚያልቁት ባክቴሪያዎች በዕጢው ውስጥ ይራባሉ።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ክንዱን ገልጦ ይመልከት። ከብዙዎቻችን ክንድ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ በሕፃንነታችን የተከተብነው የቢሲጂ ምልክት ናት። ካልሜትና ጌሬን የተባሉት ፈረንሳውያን የከብት ሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ 13 ዓመት ሙሉ 230 ጊዜ እያዛወሩ አራብተው አዳከሙት። በ1976 ዓ.ም. አልቫሮ ሞራሌስ በካናዳ ይህንኑ ክትባት በፊኛ ነቀርሳ ለታመሙ 9 ሰዎች ፊኛ ውስጥ እንዳፈሰሰና ጥሩ ውጤት እንዳገኘ ገለጠ። ዛሬ ወደ ፊኛው ጡንቻ ላልዘለቀ ነቀርሳ የታወቀ ሕክምና ሆኗል። አማርኛችን ሁለቱንም በሽታ ነቀርሳ ማለቱ ደግሞ ያስገርማል፤ ሁለቱ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የአንዱ ክትባት ግን ለሌላው መድኃኒት ሆነ።

የዛሬ ሊቃውንት ባክቴሪያውን በማዳከም ብቻ አልረኩም፤ ጂኑን ራሱን ይለውጣሉ። ምግብ መርዞ ተቅማጥና ትኩሳት ከሚያመጣው ሳልሞኔላ ላይ ጂኖች ቆርጠው በማውጣት መርዙን ቀነሱት። በአይጦች ዕጢ ላይ ግሩም ሥራ ሠራ። ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. በታተመው ሙከራ ግን ለ25 ሰዎች ቢሰጥ የአንዳቸውም ዕጢ አልቀነሰም፤ ባክቴሪያው በዕጢ ውስጥ የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነበር። እኛ እንደምናስበው፣ ይህን ውጤት ሳይደብቁ ያሳተሙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። አይጥና ሰው አንድ አይደሉምና።

በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሥራ ከሁሉ ይልቅ አስደነቀን። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ምልክት የሚሆን ቅመም ያወጣል። ቁጥራቸው ጥቂት ሲሆን ምልክቱ ደካማ ነው። በዕጢው ውስጥ ተራብተው ሲበዙ ግን ምልክቱ ይበረታና፣ አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ፈንድተው በውስጣቸው የሠሩትን መድኃኒት ያፈሳሉ። የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ይራባሉ። ስለዚህ ቁጥራቸው ከልክ አያልፍም፤ መድኃኒቱም በየጊዜው ይፈስሳል። ከተለመደው የነቀርሳ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ የአይጦቹን ዕድሜ አስረዘመ፤ ፈጽሞ ግን አላዳናቸውም። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚሁ ዘዴ ሌላ መድኃኒት አስፈሰሱ። የነቀርሳ ሕዋስ ጠባቂዎቹን ሕዋሳት «አትብሉኝ» የሚልበት ምልክት አለው፤ መድኃኒቱ ያንን ምልክት ይሸፍናል። በአይጦቹ ላይ የተወጋው ዕጢ ብቻ ሳይሆን ያልተወጋውም አነሰ።

«ሕክምና ነው» ያሉት ጓደኞቻችን በዚህ ተደሰቱ። ሌሎቹም ጥያቄያቸውን አልተዉም፦ ሐኪም ክኒን ሲያዝ መጠኑን ያውቃል፤ በሰውነት ውስጥ የሚራባ መድኃኒት ግን መጠኑ በምን ይለካል? ጂኑስ እየተራባ ሳለ ቢለወጥ? ጀርሙን የሚገድል አንቲባዮቲክ በእጅ መኖሩ አንድ ልጓም ነው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። ክርክራችን እዚህ ላይ ቆሟል።

በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከእርጎ የወሰድናቸውን ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ አዘጋጅተናል። ተራ እየጠበቃችሁ እንድትመለከቱ እንጋብዛችኋለን።