ርካሹ ጥቅል የትኛውን በር ይከፍታል?

(በቡራዩ አባሎቻችንና ደጋፊዎቻችን በተገኙበት ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ካርድ እንነጋገራለን። ከአስቤዛና ከልጆች ደብተር ቀጥሎ በየዕለቱ ከእጃችን የሚወጣው ብር የካርድ ብር ነው። ታዲያ እንጀራ ስንሸጥ ጤፉን፣ በርበሬ ስናስፈጭ ዛላውን አገላብጠን እንደምናየው ሁሉ፣ የምንገዛውን ዳታም አገላብጠን ልናየው ይገባል።

ዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትኛውንም ድረ ገጽና አፕ የሚከፍት መደበኛ ጥቅል ነው። ሁለተኛው የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል የሚባለው ሲሆን፣ በአነስተኛ ዋጋ እንደ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያሉ የተመረጡ አገልግሎቶችን ብቻ ይከፍታል። ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ጥቅል መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው።

ልዩነቱን በታክሲ እናስበው። ከቡራዩ መርካቶ የሚሄድ ታክሲ ተሳፍረናል እንበል። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል «የማን ሱቅ ነው የምትገቢው?» እያለ ይጠይቃል። ትልቁ ነጋዴ ጋ የምትሄደው ግማሽ ሒሳብ ትከፍላለች፤ ጉልት ለመግዛት የምትሄደው ሙሉውን። ታክሲው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ለጥቂት ቀን ግማሽ ሒሳብ የከፈለችው ትደሰታለች። ውሎ አድሮ ግን ጉልቷ ገበያተኛ ታጣለች። ጉልቷ ደግሞ ከእኛው አንዷ ናት።

የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባለው ሐሳብ ይህንኑ የሚመለከት ነው። መንገዱን የሚያቀርበው ድርጅት የመንገዱን ዋጋ ይቀበል፤ የት እንደምንሄድ እያየ ግን ዋጋ አይለያይብን፣ በርም አይዝጋብን ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሀብታም ጥያቄ ነው፤ እኛ በርካሽ ካገኘን ምን ቸገረን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ እናት ድምጿን የምትሰማው በእነዚሁ አፖች ነው። ባልትና የምትሸጥ እህታችንም ደንበኞቿን ያገኘችው በቴሌግራም ነው። የዕለት ገቢዋን ቆጥራ የምትኖር ሴት ትንሹን ጥቅል ብትገዛ ሒሳብ ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ «አትግዙ» አንልም።

ነገር ግን ከበሩ ውጭ የቀረውን እንቁጠር። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አገልግሎት በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ፓስፖርት የሚፈልግ ሰው የሚያመለክተው በድረ ገጽ ነው። የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ፣ የሥራ ቅጥር ቅጽ፣ የጨረታ ሰነድ፣ ስለ ሕፃን ሕመም የሚያስረዳ የሐኪም ጽሑፍ፣ ብዙውን ጊዜ ያለው በድረ ገጽ ላይ ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ብቻ የያዘች እህት እነዚህን ለመክፈት ስትሞክር ሒሳቡ ከሌላ ዳታዋ ወይም ከዋናው ሒሳቧ ይቆረጣል። ያም ከሌላት ገጹ አይከፈትም። ለመዝናናት ርካሽ የሆነው መንገድ ጉዳይ ለማስፈጸም ሲሆን ይወደድባታል።

ወሬን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በፌስቡክ አንድ ርዕስ እናያለን፤ ሙሉው ጽሑፍ ያለው ሊንኩን ስንነካ በሚከፈተው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው። ጥቅሉ ወደዚያ ካላደረሰን የምናነበው ርዕሱንና ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ብቻ ይሆናል። ሐሰተኛ ወሬ ስንት ጎረቤት እንዳጋጨ በምናውቅበት አገር፣ የሰማነውን ማጣራት አለመቻል ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሁሉን ነገር በአንድ አፕ ላይ ማኖርም የራሱ አደጋ አለው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆይተዋል። ሌላው ኢንተርኔት በዚያን ጊዜ ይሠራ ነበር። ደንበኛዋን በአንድ አፕ ብቻ የምታውቅ ነጋዴ ግን ገበያዋ ተዘግቶባታል።

የራስ አገዝ ቡድን አሠራር ወደ እኛ ሲመጣ ከህንድ ሴቶች ብዙ ተምረናል። በዚህም ጉዳይ ህንድ የምታስተምረን አለ። ፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» በሚል ስም የተመረጡ ድረ ገጾችን በነፃ ለማቅረብ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ በሰፊው ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በይዘቱ እየለዩ ለዳታ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ «ለድሃ ከምንም ይሻላል» ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ድሃውም ሙሉውን ኢንተርኔት ማግኘት አለበት ብለው ጸኑ።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ቅናሽ ለሁሉም እኩል መሆን እንደሚችል አይተናል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ሲቀንስ «ለዚህኛው ገጽ ነው፣ ለዚያኛው አይደለም» አላለም። በ2015 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህም ተወዳዳሪ አለ። ውድድሩ ለሁሉም በሚከፈተው ጥቅል ዋጋ ላይ ቢሆን ተጠቃሚዎቹ እኛ ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለአባሎቻችን። ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት «ምን ይከፍታል? ምን አይከፍትም? ሲያልቅ ከየት ይቆረጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር በደብተርም ጻፉ። ብር ለመላክ ኢንተርኔት ግድ እንዳልሆነም አስታውሱ፤ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ዳታ ይሠራሉ።

ሁለተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን። ለሥልጠና የኢንተርኔት ወጪ ስትመድቡ ሁሉን የሚከፍተውን ጥቅል መድቡልን። የሥልጠና ጽሑፍ ስታዘጋጁም በአንድ አፕ ብቻ አታስቀምጡት፤ በወረቀትም፣ በአጭር መልእክትም፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይድረሰን። የ12ኛ ክፍል ውጤት በድረ ገጽም፣ በአጭር መልእክትም፣ በቴሌግራምም እንደሚታይ ሁሉ የእናንተም ትምህርት ከአንድ በላይ በር ይኑረው።

ሦስተኛ፣ ለሚመለከታቸው አካላት። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚን ጥቅም የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። በማኅበራችን ስም ደብዳቤ እንድንጽፍለት ሐሳብ እናቀርባለን። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ የዕለት ገቢ ላላት ሴት የሚመጥን፣ ሁሉን ድረ ገጽ የሚከፍት ትንሽ ጥቅል በማኅበራዊ ሚዲያው ጥቅል ዋጋ ይቅረብ።

ቁጠባ ስንጀምር በየሳምንቱ የምናዋጣው ጥቂት ብር ምን ሊሆን ነው ያሉን ነበሩ። ያ ብር ዛሬ ለንግድም ለትምህርት ቤትም የምንበደረው ገንዘብ ሆኗል። ይህም ጥያቄ በአንዲት ሴት አፍ ሲነገር ትንሽ ነው፤ ሁላችንም ከፈረምንበት ግን ይሰማል። ደብዳቤው ከስብሰባው በኋላ በጸሐፊዋ እጅ ይገኛል። አንብባችሁ የጎደለውን ጨምሩበትና ፈርሙበት።