በጥንታዊ ሕንፃዎች ሥር የሚሰማ ሙዚቃና የመሐንዲስ ፊርማ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ ሳይሆን እኔ በመረጥሁት ርእስ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ርእሴ ሙዚቃ ነው። የሙዚቃ ዕውቀት ስላለኝ ግን አይደለም፤ ክራር እንኳ መቃኘት አልችልም። ዓላማዬ ሙዚቃው ያረፈበትን ድንጋይና መሬት መመልከት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በመኝታ ክፍላችን፥ በአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር፥ ደጋግመን ያየነው አንድ ትርኢት ነበር። ትውልደ ግሪኩ የሙዚቃ ደራሲ ያኒ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1993 በአቴና ከተማ፥ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ግርጌ በሚገኘው የሄሮድስ አቲኩስ ቴአትር ያቀረበው ነው። ከሞላ ጎደል በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ሲሆን፥ ከራሱ ባንድ ጋር የለንደኑ ሮያል ፊልሃርሞኒክ ኮንሰርት ኦርኬስትራ በሻህርዳድ ሮሃኒ መሪነት ተጫውቷል። ደራሲው በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥነ ልቦና እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ቅጂው በ1994 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ጓደኞቼ ቫዮሊኑን ሲያደንቁ እኔ ከመድረኩ በስተኋላ የቆመውን፥ ባለ ቅስት መስኮቶቹን የድንጋይ ግንብ እመለከት ነበር።

ያ ቴአትር በ161 ዓ.ም. ገደማ ሄሮድስ አቲኩስ የተባለ ባለጸጋ ለሟች ሚስቱ ለሬጂላ መታሰቢያ ያሠራው ነው። (በሞቷ እርሱ ራሱ ተከስሶ በሮም ፍርድ ቤት ነጻ ወጥቷል፤ ይህ ግን ለሌላ ጉባኤ የሚሆን ነገር ነው።) መጀመሪያ ከአርዘ ሊባኖስ የተሠራ ጣሪያ ነበረው። በ267 ሄሩሊ የተባሉ ወራሪዎች አጠፉት። ዛሬ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው የሚይዙት የእብነ በረድ መቀመጫዎች በ1950ዎቹ የታደሱ ናቸው።

ጣሪያው ከጠፋ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ አይመለስም፤ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለሆነም ብዙ ሕዝብ በሚቀመጥበት ገላጣ ስፍራ የዛሬ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይታገዛል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፥ 34 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የቫዮሊኑ ድምፅ የሚደርሰው ከአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። በአጠገቡ ማጉያ ቢተከልለት የኤሌክትሪኩ ድምፅ ቀድሞ ይደርሰውና ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ ይሰማል። ባለሙያው ማጉያውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ለቅጂው ደግሞ የየመሣሪያው ድምፅ ለየብቻ ተቀድቶ በኋላ ይዋሐዳል። በመኝታ ክፍላችን የሰማነው እንግዲህ በድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሰው የሰማውን አልነበረም።

ይኸው ደራሲ በ1997 ወደ ሕንድና ወደ ቻይና ተሻግሮ በታጅ ማሃልና በቤጂንጉ የነገሥታት ግቢ ተጫውቷል። ታጅ ማሃልም ንጉሡ ሻህ ጃሃን በ1631 ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ያሠራው መቃብር ነው። ከትርኢቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፥ በዲሴምበር 30 ቀን 1996፥ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአካባቢው ያሉ 292 ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲለውጡ፥ አለዚያም እንዲነሡ ወስኖ ነበር። ጭሱ እብነ በረዱን ያበላሽ ነበርና።

እንዲህ ባለ ስፍራ ትርኢት በታሰበ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ «ድምፁ ሕንፃውን አይጎዳውም ወይ?» የሚል ነው። እስቲ እናስላው። የ100 ዴሲቤል ድምፅ ግፊቱ 2 ፓስካል ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የተዘረጋ የ200 ግራም ክብደት ያህል መሆኑ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ተራ ነፋስ ግን 60 ፓስካል ገደማ ይገፋል። የላላ ልስንና ሞዛይክ በእርግጥ ሊሠጋለት ይገባል፤ ግንቡ ግን ከዚህ የከፋ ነፋስ ለዘመናት ችሏል። የጀርመን የንዝረት ደረጃ ለጥንታዊ ሕንፃ እጅግ የሚጠነቀቀው ከ10 ኸርዝ በታች ላለው ንዝረት ነው፤ በመሠረቱ ላይ በሰከንድ ከ3 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ የከበሮ ድምፅ ክልል አይደለም። በአንድነት የሚዘልል ሕዝብና ከባድ መኪና የሚያመጡት ነው።

በ1989 በቬኒስ የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ (እርሱ እንኳ ዘፋኝ ነው) በከተማዋ ሲጫወት፥ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በንዝረት እንዳይጎዳ በመሥጋት መድረኩ በውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ፥ የድምፁም መጠን እንዲቀነስ ተደረገ። ይሁን እንጂ ለመጣው 200,000 ሕዝብ መጸዳጃ አልተዘጋጀም። ከተማዋ በቆሻሻ ተጥለቀለቀች፤ የከተማው አስተዳደርም በዚሁ ሳቢያ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሁሉም ዴሲቤል ሲለካ መጸዳጃ የቆጠረ አልነበረም።

በቬኒስ ሰዎች ለመፍረድ ግን እኔ የመጨረሻው ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ የአገራችን ጥንታዊ ግቢ፥ በጥር ወር ለሚደረግ የሙዚቃ ትርኢት መድረኩን የነደፍሁት እኔ ነበርሁ። የድምፅ መለኪያ ይዤ ሌሊቱን በሙሉ ከግንቡ ሥር አልጠፋሁም። አንዲት ጠጠር አልወደቀችም፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ነገር ግን ጄኔሬተሩን የጫነው መኪና እንዲገባ ከግንቡ ሥር ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በጠጠር ተሞልቶ ነበር። እንዲሞላ በንድፌ ላይ ያሰፈርሁት እኔ ነኝ፤ እንዲጠረግ ግን አላሰፈርሁም። ክረምት ገባ። ውኃው ከግንቡ ሥር ተኛ፤ በጭቃ የተያያዘው ድንጋይ ሆዱን ነፋ፤ በነሐሴ ወር አራት ሜትር ያህሉ ወደቀ። ሰዉ ሁሉ ምክንያቱ እርጅና ነው አለ፤ ዘገባውም እንዲሁ ተጻፈ። በጥር የነበረውን ሙዚቃ ከነሐሴው ውድቀት ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም። እኔም በዚያን ጊዜ አልተናገርሁም። ዛሬ በፊታችሁ እናገራለሁ።

በቅርቡ ለሌላ ጥንታዊ ግቢ ተመሳሳይ ንድፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ የመገጣጠሚያው ንድፍ ብቻ ሳይሆን የማፍረሻና የመጥረጊያ ንድፍም የውሉ አካል እንዲሆን፥ ደግሞም ከትርኢቱ ቀጥሎ ካለው ክረምት በኋላ ግቢውን መርምሬ እስክመለስ የአዘጋጁ መያዣ ገንዘብ እንዳይለቀቅ። የአዘጋጁ ወኪል በትሕትና ሰማኝና፥ «ኢንጂነር፥ ትርኢቱ እኮ የአንድ ሌሊት ነው» አለኝ። ንድፉ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይፈረም በጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል።