ድምፁ የማን ነው?



ብቻውን የሚጫወት የአራት ዓመት ልጅ ዝም አይልም። «ይኸው መኪናዋ መጣች፤ በዚህ ትዞራለች፤ ውይ፣ ወደቀች!» እያለ ጨዋታውን በአፉ ይመራል። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው መጽሐፉ ይህን ልማድ በጥሞና መርምሮታል። በእርሱ አስተያየት ልጁ ሲያድግ ወሬው አይጠፋም፤ እየቀነሰ ሄዶ ወደ ውስጥ ይገባል። አዋቂው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በሐሳቡ ከአለቃው ጋር ሲሟገት፣ ለነገ ስብሰባ የሚናገረውን ሲያጠና፣ «ምነው ያንን ባልተናገርኩ» ብሎ ራሱን ሲወቅስ ያንኑ የልጅነት ወሬ መቀጠሉ ነው።

ከራስ ጋር መነጋገር እንግዲህ ጤና ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ሰው የገዛ ራሱን የውስጥ ንግግር የሌላ አድርጎ ሲሰማው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 ሉዊስ ጉልድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ድምፆች የሚያሳድዷትን የስኪዞፍሬንያ ታካሚ ይከታተል ነበር። ሴትዮዋ ዝም ባለችበት ሰዓት እጅግ ደካማ ድምፅ ሲወጣት አስተዋለና በማይክሮፎን አጉልቶ አዳመጠው። ሹክሹክታ ነበር። ሹክሹክታው የሚለውና እርሷ «እንዲህ አሉኝ» ብላ የምትናገረው ተመሳሰለ። ተናጋሪዋ ራሷ ሆና ሳለ ሌሎች የሚናገሯት ይመስላት ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ሰው ሊናገር ወይም ሊንቀሳቀስ ሲል አእምሮው ለስሜት ክፍሎቹ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ «ይህ የሚመጣው ከእኔው ነው» እንደማለት። ሰው ራሱን ኮርኩሮ መሳቅ የሚያቅተውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ ድምፅ የሚሰሙ ወይም ሌላ ኃይል የሚያንቀሳቅሳቸው የሚመስላቸው ታካሚዎች የራሳቸው እጅ ንክኪና የሌላ ሰው ንክኪ እኩል ኮርኩሯቸዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ለድምፁም ተመሳሳይ ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ቅድመ ማሳወቂያው ሲዛባ የራስ ሐሳብ እንደ ባዕድ ይሰማል። ማብራሪያው ሁሉን ነገር አይፈታም። ታካሚውን ግን «አስመሳይ» ከመባል ያድነዋል፤ ለእርሱ ድምፁ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ያህል እውነት ነውና።

ድምፅ የሰማ ሁሉ ታሟል ማለት ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ዴዊ ሪስ የተባለ የዌልስ የገጠር ሐኪም የትዳር አጋራቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ። ከአሥሩ አራት ያህሉ ሟቹ አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸው ያውቃል፤ ከአሥር አንድ የሚበልጡት ድምፁን ሰምተዋል። አብዛኞቹ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ብዙዎቹም ተጽናንተውበታል እንጂ አልተጎዱበትም። ሊነጋ ሲል በስሙ ተጠርቶ የሚባንን ሰውም እንዲሁ ነው፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል የሚሰማ ጥሪ በጤነኞች ዘንድ የተለመደ ነው።

የሚሰማው ቃል ደግሞ ከኅብረተሰቡ ይቀዳል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ታንያ ሉርማንና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ፣ በጋናዋ አክራና በሕንዷ ቼናይ 60 ታካሚዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳተሙት፣ አሜሪካውያኑ በአብዛኛው የግፍና የጥቃት ድምፅ ሲሰሙ፣ ከቼናዮቹ ብዙዎቹ ቤት ጥረጊ፣ ምግብ ሥሪ የሚሏቸውን ዘመዶች፣ ከአክራዎቹ ብዙዎቹ ፈጣሪን ይሰሙ ነበር።

ታዲያ ድንበሩ የት ነው? ድምፅ መኖሩ ብቻውን አይወስንም። ሐኪም የሚመረምረው ሰውዬው ድምፁ የማን ነው እንደሚል፣ እምቢ ሊለው መቻሉን፣ እንቅልፉን፣ ሥራውንና ከሰው ጋር መኖሩን ምን እንዳደረገበት ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ መጠጥ በድንገት ማቆም ወይም ጫት ሊሆን ይችላል። የሐሳቡ ባለቤት መሆኑን ማወቅም ሁልጊዜ ጤና አይደለም። «ልጄን ብጎዳውስ?» የሚል ሐሳብ ያለፈቃዷ እየተመላለሰባት ቢላዋ የምትደብቅ እናት ሐሳቡ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ ትጸየፈዋለችም። ይህች እናት አደገኛ ሰው አይደለችም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ይዟታል። ያፈረችበትን ነገር ሳትሸማቀቅ የምትናገርበት ሰው ትፈልጋለች።

በአገራችን ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። ሐኪም ይህን ሊነቅፍ አይገባም፤ ቤተሰብም «ጠበል ላይ ነውና መድኃኒቱን ይተው» ማለት የለበትም። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። ማሰርና መደብደብ ግን ከየትኛውም ወገን ሕክምና አይደለም።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ አትሳቁበት፣ አትከራከሩት። ድምፁ ምን እንደሚለው ጠይቁት። «ራስህን ግደል» ወይም «እገሌን ምታ» የሚለው ከሆነ ብቻውን አይደር፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።