ሕፃን ይዞ ኢየሩሳሌምን መሳለም

ወንድ አቅራቢ፦ በአብነት ሠፈር ለፋሲካ በማኅበር ወደ ኢየሩሳሌም ለመጓዝ ከሚያስቡት ምእመናን መካከል፣ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ይሂዱ ወይስ ለአያት ይተዉ ብለው የሚጨነቁ አይጠፉምና፣ ዛሬ ስለ እነርሱ ብንነጋገርስ፣ እኅቴ?

ሴት አቅራቢ፦ መልካም። እኔ ግን በፋሲካ አልመክርም።

ወንድ አቅራቢ፦ ትንሣኤን ትቶ ምን መሳለም አለ?

ሴት አቅራቢ፦ ለምን አይኖር! በቀዳም ሥዑር የሚታደለውን ቅዱስ ብርሃን ለማየት ወደ ጎልጎታ በሚተመው ሕዝብ መካከል፣ ቁመቱ ከአዋቂ ወገብ ያላለፈ ሕፃን የሚያየው ብርሃኑን ሳይሆን የሰው ቀሚስ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ ይህስ እውነት ነው። ገዳማችን ዴር ሡልጣንስ?

ሴት አቅራቢ፦ እርሱ ለልጅ ደስ ይላል፤ መነኮሳቶቻችን በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ጎጆ ቀልሰው ሲኖሩ ማየት ለሕፃን ልቡና ድንቅ ነው። የሕፃን ጋሪ ግን አይወሰድ፤ አሮጌው ከተማ ደረጃ በደረጃ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ እንግዲያው አንቀልባ!

ሴት አቅራቢ፦ እናቶቻችን ምን አጡ?

ወንድ አቅራቢ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። አውቶቡሱ ከኢየሩሳሌም ተራራ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ሙት ባሕር፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወረደው ሁሉ ሲወርድ፣ የሕፃን ጆሮ ይደፈናል፣ ሆዱም ይታወካል።

ሴት አቅራቢ፦ ውኃ ደጋግሞ ማጠጣት፣ የሚጠባውንም ማጥባት ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ አስጎብኚውስ ይታገሣል?

ሴት አቅራቢ፦ አርባ ሰው የሚመራ ለአንድ ሕፃን እንቅልፍ አይቆምም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከቀትር በኋላ ከማኅበሩ ተለይታችሁ በማረፊያችሁ መቆየት ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።