ስለ ጕልበትና ስለ እርጅና

ልጆች ሆይ፤

አያቶቻችሁ ከመደብ ሲነሡ ጕልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ሰምታችኋል። ይህ ከምን እንደሚመጣ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

በግ በታረደ ጊዜ የእግሩን ዐጥንት ጫፍ ብትመለከቱ፥ ነጭና የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ሽፋን ታያላችሁ። ይህ ልም ዐጥንት ይባላል። በሰውም ጕልበት እንዲሁ አለ። ሥራው ዐጥንት ከዐጥንት ጋራ እንዳይፋተግ መጠበቅና ሸክምን መቀበል ነው። ከክብደቱም ከ100 እጅ ከ65 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ነው።

በውስጡ ሕዋሳት የሚባሉ፥ በዓይን ብቻ የማይታዩ ጥቃቅን ሠራተኞች ተበታትነው ይኖራሉ። የደም ሥር ወደ እነርሱ አይደርስምና ምግባቸው የሚመጣላቸው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሰው ሲራመድ ልም ዐጥንቱ ይጫናል፥ ይለቀቃልም፤ በዚህም ፈሳሹ ይወጣል፥ ይገባልም። የሕዋሳቱ ተግባር ልም ዐጥንቱን አስረው የሚይዙትን ክሮችና ውሃውን የሚያቍረውን ነገር ማዘጋጀት ነው።

በወጣትነት ይህን በትጋት ይፈጽማሉ። ዕድሜ ሲገፋ ግን ጠባያቸው ይለወጣል። ሰውነት «ሥሩ፥ አድሱ» ብሎ የሚልክላቸውን መልእክት እንደ ቀድሞው አይሰሙም፤ ውሃ የሚያቍረውም ነገር እያጠረና እያነሰ ይሄዳል። አንዳንዶቹም ሳይሞቱ መባዛትን ፈጽመው ይተዉና፥ ራሳቸው ያነጹትን ቤት የሚያፈርስ ነገር ያመነጫሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ያውካሉ። እንግዲህ ሽፋኑ እየሳሳ፥ እየሻከረ ይሄዳል።

ዊልያም ሀንተር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፥ ልም ዐጥንት አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደማይመለስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ዛሬም የአረጀውን ልም ዐጥንት እንደ ቀድሞው አድርጎ የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም።

ነገር ግን ያረጀ ሁሉ ጕልበቱን አይታመምም። በልጅነት የደረሰ ጕዳትና ከልክ ያለፈ ውፍረት ሕመሙን ያፋጥኑታል። ስለዚህ በጨዋታ ጕልበቱ የተጣመመበትና ያበጠበት ልጅ፥ እንዳልሰነፈ ለማሳየት ብሎ ሕመሙን አይደብቅ፤ ለወላጁ ይንገር፥ እስኪሻለውም ይረፍ።

አያታችሁንም «እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ብላችሁ ቀኑን ሙሉ አታስቀምጧቸው። ከባዱን እንስራ እናንተ ተሸከሙ፤ ነገር ግን ማታ ማታ እጃቸውን ይዛችሁ እስከ ደጃፉ ድረስ ቀስ ብላችሁ አብራችኋቸው ተራመዱ። ለደከሙት ሕዋሳት ምግብ የሚያደርስላቸው ያ እርምጃ ነውና።