ወፏ ተርባ ወጣች፤ ሐይቁስ?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን፣ በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ የምትገኙ ሙስሊም ቤተሰቦች! ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ወፎች ያርፋሉ። ከሶዶ ተነስተን፣ በቦዲቲና በሐላባ አድርገን ሻሸመኔን፣ ከዚያም አርሲ ነገሌን ካለፍን የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን እናገኛለን። ቤተሰብ ይዞ ይህን ስፍራ መጎብኘት መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የአላህን ሥራ ማስተንተን፣ ተፈኩር ነው።

ሽመላን እንውሰድ። ከአውሮፓ ተነስታ የቱርክን፣ የሻምንና የሲናን ምድር አቋርጣ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትላ ወደኛ ትመጣለች። ባሕሩን አቋርጣ መንገዷን አታሳጥርም። ክንፏን ዘርግታ ያለ ብዙ ድካም የምትንሳፈፈው ከሞቀ የብስ በሚነሳ አየር ነውና፤ ይህ አየር ደግሞ ባሕር ላይ እምብዛም አይገኝም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙልክ 19ኛ አንቀጽ ከበላያችን ክንፋቸውን ዘርግተውና አጥፈው የሚበሩትን ወፎች እንድንመለከት ያሳስበናል፤ ከእርሱ በቀር የሚይዛቸው እንደሌለም ያስተምረናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ተወኩል ሲያስተምሩም በወፍ መስለዋል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ወፍ በጧት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትመለስ ነግረውናል። ዑለሞች እንዳብራሩት ወፏ ጎጆዋ ውስጥ ሆና አልጠበቀችም፤ ወጥታለች። ታዲያ እርሷ ድርሻዋን ተወጥታ ሐይቁን ባዶ ብታገኘውስ?

በአቢጃታ የደረሰው ይኸው ነው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ነጫጭ ፔሊካኖች ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር። አቢጃታ ደግሞ ከዝዋይ በሚመጣው በቡልቡላና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ወንዝ የሚኖር፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ውኃው ከላይ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ ዳርቻው ሸሸ፤ ጨውነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም መራቢያቸውን ጥለው ሄዱ።

የአላህ ሪዝቅ አላነሰም፤ በወፏና በሪዝቋ መካከል የቆምነው እኛ ነን። ገበሬው አያጠጣ፣ ሠራተኛው እንጀራውን ይጣ ማለታችን አይደለም። ሰውም ሪዝቁን ፍለጋ ይወጣል። ነገር ግን ልክን ማለፍ፣ ኢስራፍ፣ መጨረሻው የሌላውን ፍጡር ድርሻ መውሰድ ነው።

«ይህ የሩቅ ጉዳይ ነው» የሚል ቢኖር የራሳችንን አባያን ይመልከት። አባያ ቀልቶ የሚታየው ወንዞች በሚያመጡት ደለል ነው። ቢላቴ ወደ አባያ ሲገባ ከመሬታችን የታጠበውን አፈር ይዞ ይገባል። መፍትሔውም ከእጃችን አልራቀም። በሁምቦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሥራ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም አድርጓል፤ በአብዛኛውም ከመሬት ውስጥ የቀሩት ጉቶዎችና ሥሮች መልሰው እንዲያቆጠቁጡ በመጠበቅ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሙስሊም ከተከለው ወፍ ብትበላ እንኳ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።

እናቶችና አባቶች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቅ ስትወጡ ይህን አደራ አስተምሯቸው። ለፎቶ ብለው ፍላሚንጎዎችን በጭብጨባና በሩጫ አያስነሷቸው፤ ከምግባቸው ማፈናቀል ነውና። ፌስታልና የውኃ ላስቲክ ጥለው አይመለሱ። በሰፈር ወንጭፍ ይዞ ጎጆ የሚያፈርሰውን ልጅም «ልጅ ነው» ብለን አንለፈው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ባልደረቦቻቸው ጫጩቶቿን የወሰዱባት ወፍ ስትንገላታ ባዩ ጊዜ፣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) አይተው ከሚያስተነትኑት፣ አስተንትነውም አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።